ለጎረቤት የሠራው ቅጠል ለእናቴም ይሠራል?

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። ሰኞ ገበያ የምትነግድ ጎረቤታችን የሽፈራው ቅጠል አፍልታ እየጠጣች በሦስት ሳምንት ግፊቷ እንደወረደላት ስለነገረቻቸው፣ ኪኒናቸውን ትተው ቅጠሉን ይዘዋል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? (ከደሴ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እናትዎን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደሚከታተሏቸው ባለሙያ ይውሰዷቸው፤ ኪኒን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል።

የጎረቤትዎ ግፊት በእርግጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ያወረደው ቅጠሉ ነው ወይ የሚለው ነው። ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የደሴን ዳገት ወጥቶ ወዲያው የተለካ ሰው፣ አረፍ ብሎ ቢለካ ያንኑ ቁጥር አያገኝም። ሰው መፍትሔ ፍለጋ የሚነሣው ደግሞ ቁጥሩ በናረበት ሰሞን ስለሆነ፣ ምንም ባያደርግም በሚቀጥለው ልኬት ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ቅጠሉን ከማይጠጡ መሰሎቿ ጋር ካልተነጻጸረች በስተቀር ምኑ እንደሠራላት መለየት አይቻልም።

ጨው ግን እንዲህ ባለ ንጽጽር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለ412 ጎልማሶች ምግባቸውን ራሱ እያዘጋጀ፣ እያንዳንዱን ሰው በሦስት የተለያየ የጨው መጠን ለ30 ለ30 ቀን መገበ። የተለመደውን የአገሩን ምግብ በበሉት ላይ፣ ጨው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው መጠን ሲወርድ የላይኛው ግፊት በአማካይ በ6.7 ቀነሰ። ይህን ማስረጃ ከአንድ ሰው ምስክርነት አብልጬ የማምነው፣ እዚያው ሰው ላይ ጨው ብቻ ተለውጦ ልዩነቱ ስለታየ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በእኛ ቤት ችግሩ ወጡ ላይ የሚነሰነሰው ብቻ አይደለም፤ በርበሬውም ሽሮውም ገና ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ይፈጫል፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ደግሞ እንደገና ይጨመርበታል። ስለዚህ የእናትዎን ሽሮና በርበሬ ለብቻው ያለ ጨው ያስፈጩላቸው።

ሽፈራውን በተመለከተ፣ በኮንሶ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ምግብ ነውና እናትዎን አያስቀይሟቸው፤ ነገር ግን በኪኒኑ ምትክ አይሁን፣ መጠጣታቸውንም ለባለሙያው ይንገሩ። ግፊታቸውን ደግሞ አምስት ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እያስለኩ በደብተር ይመዝግቡላቸው፤ በዓይናቸው ያዩትን የሚያምኑ እናት የራሳቸውን ቁጥር ሲያዩ ለመነጋገርም ይቀልላችኋል።