ለምክር ቤት ልወዳደር ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምስት ዓመት በተወካዮች ምክር ቤት የቋሚ ኮሚቴ ባለሙያ ሆነሽ ሠርተሻል። የደቡብ ወሎ ልጅ ነሽ። አሁን አገርሽ ገብተሽ ልትወዳደሪ አስበሻል። «የምክር ቤቱን አሠራር ማወቄ ይጠቅመኛል ወይ? ሥራዬንስ ልልቀቅ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። በ2013ቱ ምርጫ በግል ተወዳድሬ አልተመረጥኩም። ያየሁትን ልንገርሽ።

ልምድሽ ይጠቅምሻል። ግን በደንብ የሚጠቅምሽ ከተመረጥሽ በኋላ ነው። ለመመረጥ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብለሽ አታገኚውም።

ሥራችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። አሜሪካ ውስጥ አንድ የታችኛው ምክር ቤት አባል እስከ 18 ቋሚ ሠራተኛ መቅጠር ይችላል። ረዳቱ የእንደራሴው ሰው ነው። መራጩ ሲደውል ስልኩን ያነሳል፣ አቤቱታውን ይከታተላል፣ ስለዚህ ሕዝቡን ይለምዳል፣ ሕዝቡም እሱን ይለምደዋል። እኛ ጋ 547 መቀመጫ ቢኖርም ባለሙያው የሚመደበው ለኮሚቴው ነው። ረቂቅ አዋጅ ሲመራ ታነቢያለሽ። ከሌላ ሕግ ጋር የሚጋጭበትን ትለቅሚያለሽ። አስረጂ መድረክ ታዘጋጃለሽ፣ ቃለ ጉባኤ ትይዣለሽ፣ የውሳኔ ሐሳቡን ትጽፊያለሽ። በምክር ቤቱ ፊት የሚያነበው ግን ሰብሳቢው ነው። ያንቺ ስም የትም የለም። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ችግሩ፣ ዓመታት እንደዚያ ስትኖሪ «እኔ እንዲህ አስባለሁ» ማለት ይጠፋብሻል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ቅስቀሳዬ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነበር። የቅሬው ስብሰባ ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ ሰጡኝ። (ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን።) ሦስት ገጽ ጽፌ ሄጃለሁ። ዱዓው ተደርጎ፣ አሚን ተባለና ተነሥቼ «በግብርናው ዘርፍ የተስተዋሉ ውስንነቶች» እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ወረቀቱን አጥፈውና ንገረን» አሉኝ። አጠፍኩት። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ።

ዝም ስል ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ። የቀበሌው የውኃ ፓምፕ ከተበላሸ ስምንት ወር ሆኖታል አሉ። ልጃቸው በየጠዋቱ ጄሪካን ይዛ ምንጭ ትወርዳለች፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ካመለጣት ቆይቷል። እኔም የማውቀውን መለስኩ፤ ይህ የወረዳው ሥልጣን እንደሆነ፣ የፌዴራሉ ምክር ቤት ደግሞ አዋጅ እንደሚያወጣና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እንደሚከታተል። አንድም ስሕተት የለበትም። እናትዬዋ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «ታዲያ አንተ ምን ልትሠራልን መጣህ?» አሉኝ። የመለሰላቸው የለም። እኔም አልመለስኩም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ተመልሼ ቤታቸው ሄድኩ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናው ላይ ማመልከቻውን በእጄ ጻፍኩላቸው፣ አብረን ወረዳ ወረድን። ጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን ሲያወጣ ያ ፓምፕ «ተጠግኗል» ተብሎ ሰፍሯል። እዚህ ጋ ነው የኮሚቴ ሥራዬ የደረሰልኝ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ለመስክ ምልከታ ስንወጣ ሪፖርቱን ይዘን መሬት ላይ ካለው ጋር እናስተያያለን። መቼ ተጠገነ፣ ማን ተረከበ፣ የርክክቡ ሰነድ የታለ ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄው የተለመደ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ሠራተኛ ተላከ፣ ውኃውም መጣ።

ያ ቀበሌ ጥሩ ድምፅ ሰጠኝ። ሌሎቹ ቀበሌዎች ግን አያውቁኝም ነበር። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነን በየገበያው ዞረናል፣ ፖስተር ለጥፈናል። ሕዝቡ ድምፄን ሰማ እንጂ እኔን አላወቀኝም። የኛ ምርጫ ደግሞ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘው አንድ ሰው የሚያልፍበት ነው። ሁለተኛ ለወጣ ምንም የለም።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ከመወዳደርሽ በፊት አገርሽ ገብተሽ ሥሪ። ሊንደን ጆንሰንን ተመልከቺ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1931 የአንድ የቴክሳስ እንደራሴ ጸሐፊ ሆኖ ዋሽንግተን ገባ። የምክር ቤቱን ውስጥ አሠራር ጠንቅቆ አወቀ። ግን ከዚያ ቢሮ በቀጥታ አልተወዳደረም። በ1935 ወደ ቴክሳስ ተመልሶ ለወጣቶች ሥራ የሚያስገኘውን የመንግሥት ፕሮግራም መራ፤ ልጆቹን የመንገድ ዳር መናፈሻ ሲያሠራ ቆየ። በ1937 ክፍት ቦታ ሲገኝ ተወዳድሮ አሸነፈ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዋሽንግተኑ ቆይታው ነው። እኔን የሚገርመኝ ቴክሳስ ያሳለፋቸው ሁለት ዓመታት ናቸው።

የቅሬ መዋጮሽን ከአዲስ አበባ በስልክ እየላክሽ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ለቅሶ ድረሺ፣ ሠርግ ብይ፣ የታመመ ጠይቂ። ለቅሶ ቤት ግን ስለ ምርጫ ትንፍሽ እንዳትይ። ከመንደርሽ አበጋሮች ጋር ተቀመጪ። የመሬትና የድንበር ጠብ የሚፈታው እነሱ ጋ ስለሆነ ሕዝቡን ምን እንደሚያቃጥለው ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ስትሄጂ ለመስማት ሂጂ፤ ድጋፍ አትለምኛቸው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። እኛ የተወዳደርነው ሰኔ 14 ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ስንቱ እዚያው ቀረ። ዛሬ ወሎ ውስጥ ለምርጫ የምትቆሚ ከሆነ «ያኔ የት ነበርሽ?» መባልሽ አይቀርም። አዲስ አበባ ከነበርሽ አዲስ አበባ ነበርኩ በይ። ለዘመድሽ የላክሽው፣ ቤትሽ ያስጠጋሽው ሰው ካለ እሱን የሚያውቁት ይናገሩልሽ። አንቺ አታንሺው።

ሌላው የኅሊና ጉዳይ ነው። በኮሚቴ ሥራ በእጅሽ የገባ ሰነድ የቅስቀሳ መሣሪያ አይደለም። በዝግ ስብሰባ የሰማሽውን እዚያው ተዪው። አንድ ወዳጄ «ያንን ረቂቅ ሪፖርት አውጣው፣ ባለሥልጣኑን ታንበረክካለህ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ዛሬም ቢሆን እምቢ እላለሁ። ሰው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ እውነቱን የሚናገረው ስለሚያምነን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ስንት ጊዜ ጠቅሰሽው ይሆናል። ሳትመረጪም ጀምሪው።

በፓርቲ ወይስ በግል? ይሄን ላንቺ ልተወው። በግል ስትቆሚ ማንም አያዝሽም፣ ግን በየምርጫ ጣቢያው የሚቆምልሽን ወኪል የምትፈልጊው፣ የነዳጁን የምትከፍይው አንቺው ነሽ። እኔ የስድስት ዓመት ቁጠባዬን ጨርሻለሁ። ከባለቤትሽና ከቤተሰብሽ ጋር ስለ ገንዘቡ ቁርጡን ተነጋግረሽ ግቢ።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። የምርጫ ሕጉን፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ን፣ አውጥተሽ ስለ ዕጩዎች መመዘኛና ስለ መንግሥት ሠራተኛ የሚለውን አንቀጽ በአንቀጽ አንብቢ፤ ሕግ ማንበብ ያንቺ ሙያ ነው። እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው የወጣሁት። እስከዚያው ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና እስኪከፈት ባለው ጊዜ አገርሽ ግቢ። ክረምት ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቢሆንም ሰው ቤቱ የሚገኘው ያኔ ነው። ሦስት አራት ቀበሌ በእግርሽ ዙሪ፣ ማስታወሻ አትያዢ። ስትመለሺ የሰማሽውን ያለ ወረቀት ለአንድ ሰው ንገሪው።

አብሽሪ። የምትነግሪው ሰው ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ስልኬን እሰጥሻለሁ።