ለሁለተኛው ክፍል አዲስ ሰው ለምትፈጥሩ

ይህን ያስጻፈኝ የአንዲት ወጣት ጸሐፊ ጥያቄ ነው። የስፔስ ኦፔራ፣ ማለትም በሕዋ ላይ የሚካሄድ የጀብዱ ልቦለዷን ሁለተኛ ክፍል ጀምራለች። «አዲሶቹ ገጸ ባሕርያት ጀግናዬን ቢሸፍኑብኝስ?» አለችኝ።

የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። በአርታዒነት ስሠራ እጄ የገባ አንድ ረቂቅ ነበር፤ እሱም ሁለተኛ ክፍል። ደራሲው አንዲት አሮጊት ፈጥሯል፣ የመንኮራኩሯን አየር የምትቆጣጠር። ሁሉም የሚወደው ካፒቴን ከምትቃጠል ጨረቃ የተረፉ ስደተኞችን ይዞ ይመጣል። እሷ በሩ ላይ ቆማ «አየሬ ለ40 ሰው ነው፤ አንተ 60 አመጣህብኝ» ትለዋለች። አትጮህም። ክፉም አይደለችም። ውስጥ የተኙትን መርከበኞች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች፣ የማንን ትንፋሽ ቀንሼ ልስጥልህ ብላ ትጠይቀዋለች። ካፒቴኑ መልስ ያጣል። እኔም ገጹን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ።

አሳታሚው «አንባቢ የሚገዛው ለካፒቴኑ ብሎ ነው» አለና አስወጣት። ተከራከርኩ፣ አልሆነም። በታተመው መጽሐፍ በሩ በብልሽት ይዘጋል፣ ካፒቴኑ ይጠግነዋል፣ ሁሉም ይተርፋል፣ ማንም ምንም አልከፈለም። ደራሲው ሦስተኛውን ክፍል ሳይጽፍ ቀረ። ሴትዮዋን የምናውቃት ጥቂት ሰዎች ነን፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አዲሶቹ ሰዎች ጀግናውን ይሸፍኑት! በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣውን የስታር ዋርስ ሁለተኛ ፊልም እዩ። ላንዶ የሚባለው አዲስ ሰው ጀግኖቹ ሲደርሱ የሚያስተዳድረው ከተማ አለው። ጠላት ቀድሞ ደርሶበታል። ወዳጁን አሳልፎ የሚሰጠው ከተማውን ላድን ብሎ ነው። የወጣቱ ጀግና የሉክ አስተማሪ የሚሆነውን ዮዳንም መጀመሪያ የምናየው የሰው ስንቅ የሚበረብር ነገረኛ ሆኖ ነው፤ የሉክ ትዕግሥት ማጣት የሚጋለጠው በእሱ ፊት ነው።

የዛሬ ልጆች ረቂቅ ላይ የአዲሱ ሰው ልብስ፣ መሣሪያና ፕላኔት ገጽ ይሞላል፤ ሰውዬው ምን እንደሚፈልግ ግን አይታወቅም። የቪዲዮ ጌም ተጽዕኖ ይመስለኛል። በምናብ ግን እኛን ታስከነዱናላችሁ፣ ይህን ሳልል አላልፍም።

ሁለት አዲስ ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። ደግሞ የምወዳቸው ታሪኮች በሰው የተጨናነቁ ናቸው፤ እንግዲህ እንደ ጉልበታችሁ።

የጠየቅሽኝ ልጅ፣ አዲሷ አብራሪሽ ካፒቴኑን እምቢ የምትልበትን ምዕራፍ አስቀድመሽ ጻፊው። ሲያልቅ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።