ረቡዕ ጫማሽ ይረፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ እሮጣለሁ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣና ፍቅር ሐይቅ ደርሼ እመለሳለሁ። 45 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ታላቁ ሩጫን ልሮጥ አስቤያለሁ።

ሐምሌ ላይ በጣም ጎብዤ ነበር። አሁን ግን ያው መንገድ 50 ደቂቃ እየፈጀብኝ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ቅልጥሜን ያመኛል፤ ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ማታ ደክሞኝ እያለ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ልጆቹ ላይም ነገረኛ ሆኛለሁ። ጓደኛዬ እረፍት ውሰጂ ትለኛለች። ግን ሞባይሌ ላይ ያለው አፕ «71 ቀን ሳታቋርጪ!» እያለ ሲያሞግሰኝ እንዴት ልተወው? ባለቤቴ ደግሞ «አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በወሩ ማራቶን አሸንፏል፣ አንቺ ለቅልጥም ትተኛለሽ?» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ አንድ ቀን ሳልሮጥ ብውል ኮንዲሽኔ በአንዴ የሚወርድ ይመስለኛል። ጾመኛ ስለሆንኩ ረቡዕና ዓርብ ሮጬ እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አልቀምስም። ምን ይሻለኛል?

የ71 ቀኗ፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን አፕ ዝም አሰኚው። ቅልጥምሽን የሚያመው አንቺን እንጂ እሱን አይደለም።

ቀጥሎ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በቀን 45 ደቂቃ በሰባት ቀን ሲባዛ 315 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሩጫ ከጠንካራው ወገን ነው። እንግዲህ አንቺ ከተባለው ከእጥፍ በላይ እየሠራሽ ነው። ከዚያ በላይ መሮጥ ክልክል ነው አላልኩም። ኮንዲሽኔ ወረደ እያልሽ ራስሽን አትክሰሺ ነው የምለው።

ታዲያ ይህን ያህል እየሠራሽ ለምን ቀዘቀዝሽ? ጉልበት የሚገነባው ስትሮጪ አይደለም። ስትሮጪማ ጡንቻሽ ይጎዳል፣ በውስጡ ያጠራቀመው ስኳርም ያልቃል። ጥገናው የሚካሄደው በኋላ ነው፤ ስትበዪ፣ ስትቀመጪ፣ ከሁሉም በላይ ስትተኚ። ጠንከር ካለ ሩጫ በኋላ ጡንቻው ስንቁን መልሶ እስኪሞላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይፈልጋል። የሲዳማ እናቶች ቆጮ ቀብረው ሲያበቁ በየጠዋቱ እየቆፈሩ «ደረሰ ወይ?» አይሉም። አንቺ 71 ቀን በየጠዋቱ ቆፍረሻል።

የቅልጥሙ ነገር ግን ከድካሙ ይለያል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነውና። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትንፋሽሽ ይረዝማል፣ ደስ ይልሻል፣ ፍጥነት ትጨምሪያለሽ። ሐምሌ ላይ ጎበዝኩ ያልሽው እሱን ነው። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ ነው አዲሱን የሚገነባው። በመሐል ደከም የሚልበት ጊዜ አለ። ትንፋሽሽ «ቀጥይ» ሲልሽ አጥንትሽ ገና መሠረት እየቆፈረ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ስፖርት አስተማሪ ሳለሁ ለመምህራን ውድድር እዘጋጅ ነበር። ታቦር ተራራን በየቀኑ እወጣና እወርድ ነበር፣ እሑድም ሳይቀር። ቅልጥሜን ሲያመኝ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ቅቤ ቀብቶ እስኪያስለቅሰኝ አሸኝ። ሲብስብኝ ራጅ ተነሣሁ፤ ምንም የለም ተባልኩ። ደስ ብሎኝ በማግስቱ ተራራው ላይ ነበርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በድጋሚ ስነሣ ግን አጥንቴ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ታየች። ለካ እንዲህ ያለ ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል። ስድስት ሳምንት መሮጥ ተከለከልኩ። ውድድሩን ያየሁት ምርኩዝ ይዤ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ማረፍ እንቢ ብዬ 42 ቀን በግድ አረፍኩ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። በአውራ ጣትሽ የቅልጥምሽን የውስጥ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች እየተጫንሽ ውረጂ። ሕመሙ የመዳፍ ያህል ርዝመት ላይ የተበተነ ከሆነ፣ ጠዋት ስትነሺም አሞሽ ስትራመጂ የሚለቅሽ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የጫና ሕመም ነው። ሩጫ ቀንሰሽ ስታሳርፊው ይሻለዋል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ጣትሽ ሲያርፍ ዘለሽ የምትነሺ ከሆነ፣ ወይም ተኝተሽም የሚጠዘጥዝሽ ከሆነ ግን አንድም ቀን አትሩጪ፤ ሐኪም ጋ ሂጂ። የእኔንም የራጅ ነገር ንገሪው። በሁለቱም መንገድ ወጌሻ ቦታውን እንዳያሽልሽ። ወጌሻ አልንቅም፣ ግን የተሰነጠቀ አጥንት በመታሸት አይገጥምም።

አጥንቱ ደኅና ከሆነ ወደ ፕሮግራሙ እንምጣ። አንቺ የዕረፍት ቀንሽን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ረቡዕና ዓርብ! ባዶ ሆድሽን ሮጠሽ እስከ ስድስት ሰዓት ሳትቀምሺ መዋል ማለት ጡንቻሽ ጥገና በጠየቀበት ሰዓት ሲሚንቶ መከልከል ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች ለጾሙ ተያቸው። ጫማሽም ይጹም። ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ሙስሊም አንባቢዎቼም ይህንኑ ሒሳብ በራሳቸው ቀን መሥራት ይችላሉ።

ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ግን ሩጫውን በጣም ቀንሺ። ሰኞና ቅዳሜ 20 እና 25 ደቂቃ ዱብ ዱብ ብቻ፤ እሱም ካላመመሽ። ዱብ ዱብ ስል የምሬን ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሮጥሽ «አባታችን ሆይ»ን ድምፅሽን አውጥተሽ ትንፋሽ ሳይቆርጥሽ መድገም አለብሽ። ካልቻልሽ ፈጥነሻል። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ብስክሌት ንጂ። ይቺ ከተማ ሜዳ መሆኗ ለምን ይባክናል? ብስክሌት ልብሽን ያሠራል፣ ቅልጥምሽን አይቀጠቅጥም። ዋናም ጥሩ ነው፣ ሆቴል ገንዳ ካገኘሽ። ሐይቁ ውስጥ ግን ግቢ አልልሽም፤ ጉማሬም አለ፣ ቢልሃርዚያም አለ።

ሕመሙ ሲጠፋ በሳምንት አራት ቀን ሩጪ። ሦስቱ ቀላል ይሁኑ። አንዱ ብቻ፣ ሐሙስ በይው፣ ፈጠን ይበል። ቅዳሜ ረዘም አድርጊው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግርሽ ሄደሽ ተመለሽ፣ ይበቃል። አስፋልትና ኮብልስቶን ብቻ ላይ አትሩጪ፤ አፈርና ሣር ፈልጊ። የአዲስ አበባ አትሌቶች እንጦጦ ጫካ፣ ሱሉልታና ሰንዳፋ ድረስ የሚሄዱት ለአየሩ ብቻ አይደለም፣ ለእግራቸውም ነው። ጫማሽ ሰልባጅ ከሆነ ሶሉን ገልብጠሽ እይው፤ አንድ ወገን ካለቀ ለገበያ አድርጊው። ማታ ደግሞ በደንብ ብዪ። ምስር፣ ቦሎቄ፣ ሽሮ፣ ጎመን ከጾምሽ ጋር አይጣሉም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ።

ኮንዲሽንሽ አይወርድም። በሁለት ቀን እረፍት የሚጠፋ ኮንዲሽን የለም፤ መውረዱ በግልጽ መታየት የሚጀምረው ሁለት ሳምንት ገደማ ምንም ሳይሠሩ ሲቆዩ ነው። አንቺ ደግሞ ብስክሌቱ አለሽ። አንድ ነገር ግን አስቢበት፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ኅዳር ላይ እዚያ ስትሮጪ ትንፋሽ ቢያጥርሽ እረፍቴ ነው ያሰነፈኝ እንዳትዪ። አየሩ ነው። ዝግ ብለሽ ጀምሪ፤ 10 ኪሎ ሜትሩ የትም አይሄድብሽም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ታሪኩን ግን በግማሹ ነው የነገረሽ። አበበ ለ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን ተቀዷል፤ እውነት ነው። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ፣ ጨርሶም ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ሠርቷል፤ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን ከሮም ድሉ አራት ዓመት በኋላ ነው፤ ከኋላው የዓመታት ልምምድ ነበረው። አንቺ ያለሽ 71 ቀን ነው። ደግሞስ አበበ ቢሆን ሆስፒታል አልተኛም እንዴ? ባለቤትሽ ካልተስማማ ቅዳሜ ጠዋት አብሮሽ ይውጣና እሱም «አባታችን ሆይ»ን ይድገም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽና ልልቀቅሽ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ፣ ቡናም ሳይሸትሽ፣ የልብ ምትሽን 30 ሰከንድ ቁጠሪና በሁለት አባዢው። ደብተር ላይ ጻፊ። ከለመድሽው በሰባት በስምንት ከፍ ያለበት ቀን፣ በተለይ እንቅልፍ አጥተሽ ካደርሽ፣ ሩጫው ይቅርና በእግርሽ ተራመጂ። የሁለት ሳምንቱን ቁጥር ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒቴን እወስዳለሁ። በየቀኑ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል አካባቢ 40 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። እኔስ እረፍት ያስፈልገኛል?

የአባ ኮዳዎቹ ወዳጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለእርስዎ መልሱ አጭር ነው። የእግር ጉዞ የዕረፍት ቀን አይጠይቅም፤ በየቀኑ ይሂዱ። ለግፊትም ጥሩ ነው። መድኃኒቱን ግን «መራመድ ጀምሬያለሁ» ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡ። ከሦስት ሰዓት በፊት ጨርሰው ይግቡ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ትበረታለች። ደረትዎን ጨምደድ ካደረገዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ይቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ። በሳምንት ሁለት ቀን ወንበር ላይ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ ለጉልበትዎ ነው።

አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የሐይቁ ዳር ትልልቅ ወፎች፣ ግን ዓሣ እስኪጣልላቸው ቆመው ነው የሚውሉት፤ ከእነሱ ስፖርት እንዳይማሩ።