ቀፎ የሌላቸውንም አስቧቸው

ልጆቼ፣ ጣና ዳር መሬት ይዛችሁ «ያለ ኬሚካል አትክልት እናመርታለን» ስትሉ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በግብርና ሥራ ስለጨረስኩ ግን አንድ ነገር ልጨቅጭቃችሁ። ኬሚካል መተው ብቻውን አይበቃም። የማሳችሁንም ዳር እዩት፤ አበባችሁን ፍሬ የሚያስይዙ ንቦች እዚያ ይኖራሉ።

ንብ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ቀፎ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ የዱር ንቦች ግን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ጎጇቸውን መሬት ውስጥ ይሠራሉ። ሌሎቹ ደረቅ እንጨት ወይም ባዶ አገዳ ውስጥ ይገባሉ። ማር ስለማይሰጡን ማን ይቆጥራቸዋል?

ቲማቲምን ተመልከቱ። የአበባው ዱቄት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ሲንቀጠቀጥ ይወጣል። ነፋስም ትንሽ ያግዛል። ያቺ እንጨት የምትቦረቡረዋ ጥቁር ወፍራም ንብ ግን አበባውን ጨብጣ እዝዝ ስትል ዱቄቱ ይረግፋል። የማር ንብ ይህን አታውቅበትም። ስለዚህ «ቀፎ ገዝተን እናስቀምጣለን» የሚለው መልስ እኔን አያሳምነኝም። ኑግ ደግሞ የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ ነፍሳት ከሌላ ተክል ካላመጡለት ፍሬው ይመነምናል። የዱባ አበባ ጠዋት ተከፍቶ እኩለ ቀን አካባቢ ይከደናል። ረፋድ ላይ መድኃኒት የረጨ ሰው የገዛ ዱባውን ነው የቀጣው።

«ከዕፅዋት የተሠራ ነው» የሚለውም አያታልላችሁ። ፓይሬትረም የሚባለው የተባይ መድኃኒት ከአበባ ነው የሚወጣው፤ ንብ ግን ይገድላል። መርጨት ግድ ከሆነ ንቦቹ ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ያበበ ነገር ላይ ግን አይሁን።

መሬቱ ጠባብ ነው ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ማረሻችሁ እስከ ድንበሩ ጫፍ አይድረስ፤ ያ ያልታረሰ አፈር ቤታቸው ነው። ቁጥቋጦውን አታቃጥሉ። መስከረም ላይ አደይና መጭ የሚባሉት የዱር አበቦች ስላሉ የንቦቹ ምግብ አያስቸግርም። ችግሩ በጋ ነው። መስኖ ላይ ካላችሁ ጥቂት ጎመንና ድንብላል ሳትነቅሉ እንዲያብብ ተዉት።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ አካባቢ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥሩ ነው፤ ንቧ ግን ወረቀት አታነብም። የጎረቤታችሁን ድንበርም አታውቅም። እሱ ቀትር ላይ የሚረጭ ከሆነ የእናንተ ልፋት ግማሹ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር አትጣሉ። ቡና ጠርታችሁ የሚረጭበትን ሰዓት እንዲቀይር ለምኑት።