«የእሳት ፈተና አልፏል» የተባለ ባትሪ ቡና መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የቡና መጋዘን አለኝ። መብራት እየጠፋ ስላስቸገረኝ ባለ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ሦስት ልገዛ ነው። ሻጩ «ዩኤል 9540ኤን አልፏል፣ እሳት አይነካውም» ብሎ ወረቀት አሳየኝ። ጥጉ ላይ፣ ከጆንያው አጠገብ ባስቀምጠው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። እዚያ አያስቀምጡት።

ስለ ወረቀቱ ልጀምር። ዩኤል 9540ኤ የተባለው የአሜሪካ የባትሪ እሳት ፈተና ማለፍና መውደቅ ያለበት ፈተና አይደለም። ባትሪውን ሆን ብለው አግለው የሚሆነውን ይመዘግባሉ። «አልፏል» ያለዎት ሰው ወይ ሪፖርቱን አላነበበውም፣ ወይ እርስዎ እንደማያነቡት ተማምኗል።

ፈተናው አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አንዲት ሴል (ባትሪው ከተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዷ) ላይ ስስ ማሞቂያ ይለጥፉና በደቂቃ ከ4 እስከ 7 ዲግሪ እየጨመሩ ያግሏታል። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ማሞቂያው ቢጠፋም አትመለስም፤ ራሷን በራሷ ታግላለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ጋዝ ትተፋለች። ጋዙን ሰብስበው ይመረምሩታል፦ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሌሎችም ተቀጣጣዮች። ቀጥሎ በሞዱሉ፣ ማለትም አንድ ላይ በታሰሩት ሴሎች፣ ውስጥ አንዷ ስትግል ጎረቤቷን ታስነሳ እንደሆነ ያያሉ። ሦስተኛው ሙሉውን ባትሪ ከግድግዳና ከሌሎች ባትሪዎች አጠገብ አቁሞ ነው፤ አራተኛው ከማጥፊያ ሥርዓቱ ጋር።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከሚገዙት ጋር አንድ ነው? ከግድግዳው በስንት ርቀት ቆሞ ተፈተነ? የግድግዳው ሙቀት ከአካባቢው በላይ ከ97 ዲግሪ ያልበለጠ ጭማሪ ነው ያሳየው? የሴሏን ወረቀት ብቻ ይዞ የሚመጣ ሻጭ አለ፤ እሱ ስለ ግድግዳዎ የሚነግርዎ ነገር የለም።

«ኤልኤፍፒ (የሊቲየም ብረት ፎስፌት) ነው፣ አይቃጠልም» ይሉዎት ይሆናል። ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ረጋ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ከጋለ እሱም ጋዝ ይተፋል፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ከነበልባሉ ይልቅ የሚያስፈራው ጋዙ ነው። በሚያዝያ 2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሪዞና ውስጥ ሰርፕራይዝ በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ የባትሪ ቤት ውስጥ ማጥፊያው ሠርቶ ነበር። ጋዙ ግን ውስጥ ተጠራቅሞ ቆየ፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ፈነዳና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ክፉኛ አቆሰለ። ያ የሌላ ዓይነት ሊቲየም ነበር፤ የጋዙ ነገር ግን ያው ነው።

ስለዚህ ከመጋዘኑ ውጭ፣ የብሎኬት ግድግዳ ላይ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ያስሩት። የጅማ ዝናብ በጎን ስለሚመታ ጥላውን ሰፋ ያድርጉት፤ ከታችም ከመሬት ከፍ ይበል። በላዩ የአቡጀዲ ወይም የቺፑድ ኮርኒስ አይኑር፣ ከበርና ከመስኮትም ይራቅ። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) 855 ደንብ ለትልልቅ ባትሪዎች፣ ፈተናው ያነሰ ይበቃል ካላለ በቀር፣ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ክፍተት ይጠይቃል። የእርስዎ ሦስቱ ባትሪዎች አንድ ላይ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሆኑ ከእነዚያ ቢያንሱም እኔ ቦታ ካለ ይህንኑ እይዛለሁ። ቡና ደግሞ ሽታ ይስባል፤ እሳቱ ባይደርሰው እንኳ ጭሱ ዋጋውን ይጥልብዎታል።

ለእያንዳንዱ ባትሪ የዲሲ ብሬከር ይግባ፤ የቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚቆጣጠረው ሰርኪት) የመገናኛ ገመድም ከኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚለውጠው) ጋር ይያያዝ። ሲያፏጭ ወይም ነጭ ጉም ሲተፋ ካዩ ሰው አርቀው እሳት አደጋ ይጥሩ። የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ቢያፍነውም የጋለችውን ሴል አያቀዘቅዝም።

ሻጩ ሪፖርት አጥቶ ዩኤን 38.3 የሚል ወረቀት ቢያመጣልዎ፣ እሱ የማጓጓዣ ፈተና ነው፤ የሦስተኛውን ደረጃ ሪፖርት እስኪያመጣ ቀብድ አይስጡት።