መልስ፦ እናቴን ሆዳቸው ላይ ለምን ይወጓቸዋል?

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ወዲህ በየቀኑ ሆዳቸው ላይ ይወጋሉ። ጠያቂው ሁሉ «ይረፉ» ሲል ነርሷ ደግሞ «ይራመዱ» ትላለች። ማንን ልስማ ነው ጥያቄሽ። ነርሷን ስሚ።

ስንራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስንተኛ ግን የእግር ደም ቀስ ይላል፣ ሊረጋም ይችላል። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። መርፌው ይህን ለመከላከል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢኖክሳፓሪን ወይም ሄፓሪን ይባላል። የተወጋበት ቦታ ትንሽ ቢበልዝ አትደንግጪ፣ ግን አትሺው።

አደጋው ከሆስፒታል ሲወጡ አያበቃም። ከዳሌ ቀዶ ጥገና በኋላ መከላከያው እስከ 35 ቀን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሳትወጡ «መርፌውን እስከ መቼ ይወስዳሉ?» ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ።

እኔ ራሴ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ። በጣም የሚያስፈራኝ ቅቤ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ነው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ያበጠ የአባቷን ባት በፍቅር ስታሽ ደርሼ እጇን ያዝኩ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመ ወይም ከሞቀ አትሹት፣ ወጌሻም አትጥሩ። ቶሎ ለሐኪም ንገሩ።

በድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ደም ካሳላቸው እስኪነጋ አትጠብቂ። መርፌው ሊያደማም ስለሚችል፣ ሰገራቸው ከጠቆረ ወይም ድዳቸው ከደማም ተናገሪ። ሐኪም ሳታማክሪ እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ እንዳትሰጪያቸው፤ መድማትን ያብሳል።