ቶርቹን አጥፉት

አንድ ወንድማችን ከዋሽንግተን ዲሲ እንዲህ ይላል፦ “ጋሼ፣ የድሮ ቤቶችን የውኃ ቧንቧ መቀየር ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ማታ ራሴን ያመኛል፣ ሆድ ድርቀት ይዞኛል፣ አፌን ብረት ብረት ይለኛል። አቧራው ይሆን? የወረቀት ማስክ አደርጋለሁ።”

አቧራው ብቻ አይመስለኝም። ከመካከላችሁ አንዱ የድሮውን መጋጠሚያ በቶርች (በጋዝ እሳት መተኮሻው) እያቀለጠ ነው፣ ተሳሳትኩ?

መጀመሪያ ቧንቧውን በቢላዋ ፋቅ አድርገው። ለስላሳ ሆኖ እንደ አዲስ ነጭ ሳንቲም ካበራ፣ ማግኔትም ካልያዘው፣ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነው። እሳት አታስነኩት!

ሊድ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የቶርቹ ነበልባል ደግሞ ከ1,500 በላይ ነው። ስለዚህ ነበልባሉ ያረፈበት ቦታ መቅለጥ ብቻ ሳይሆን ይተናል። የሽሮ ድስት ክዳን ስታነሳ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ታገኘው የለ? ሊዱም አየር ላይ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ዱቄት ይሆናል። ግን ምን ዓይነት ዱቄት! በጣም ከመላሙ የተነሳ አብዛኛውን ጊዜ አታየውም፣ አያስልህም፣ ሳንባህ ጥግ ድረስ ገብቶ ደም ውስጥ ይሰርጋል። ቢያስነጥስማ ሁላችንም እንሸሸው ነበር።

የኤሌክትሪክ መጋዝና ግራይንደርም አቧራውን ያስነሳሉ። ቧንቧውን አርጥበህ በእጅ መቁረጫ ቀስ ብለህ ቁረጠው። የወረቀት ማስኩን ጣለው። ፒ-100 (በጣም የላመ ብናኝ የሚያስቀር) ፊልተር ያለው የጎማ ማስክ ግዛ፣ ጺምህንም ተላጭ፤ ጺም ካለ አየር ያስገባል።

ከእኛ በፊት የነካካው ሰው ደግሞ አለ። በቅርቡ አንድ ቤዝመንት ስገባ መዳብና ሊድ በአትክልት ማጠጫ ጎማና በክላምፕ ተጋጥመው አገኘሁ! ርካሽ የናስ መጋጠሚያም ተጠንቀቅ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ 8 በመቶ ሊድ ያለበት ናስ “ከሊድ ነፃ” ተብሎ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ጣሪያው 0.25 በመቶ ነው፤ አሮጌው ግን አሁንም ከሰው መሳቢያ ይወጣል።

ምሳህን እንጀራ በእጅህ ነው አይደል የምትበላው? ሳኒታይዘር ሊድ አያነሳም። በሳሙናና በውኃ እሽት አድርገህ ታጠብ። የሥራ ልብስህን እዚያው ለውጥ፣ በሱ ልጅ አትቀፍ።

ሐኪም ጋ ነገ ሂድና “የደም ሊድ ምርመራ” በል፤ ተራው የደም ምርመራ አያሳየውም። የሥራ ቦታው አየር ለአንድ ቀን እንኳ በሜትር ኪዩብ 30 ማይክሮግራም ሊድ ከደረሰ፣ በአገሩ ሕግ አሠሪህ በራሱ ወጪ ሊያስመረምርህ ይገባል። አፍረህ ዝም አትበል።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ጻፍልኝ። እስከዚያ ቶርች ሲለኮስ ካየህ ከቤዝመንቱ ውጣ።